በሥራ ፈትነቴ ላይ ስለተገኘብኝ ሥራ

ለክቡር ሲ ቡአላም ገርዋቢ
የዋዲ ዛዕሩር ከተማ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት (ካሉ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። አላህ ለወገብዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለማኅተምዎ ቀለም አያሳጣዎት። የክፍልዎ ማቀዝቀዣስ ደህና ነው ወይ? እኛ ከታች አዳራሹ ውስጥ ቆመን የምንጠብቅ ሰዎች ድምፁን በጣሪያው በኩል ስለምንሰማው፣ ባለፈው ነሐሴ ለሁለት ቀን ዝም ባለ ጊዜ ላባችንን እየጠረግን ስለ እርስዎ ክፉኛ ተጨንቀን ነበር። በእኛ በኩል አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

እኔ ዙሊኻ ቤንሸይባ እባላለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝ፣ ከሦስተኛው መስኮት ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ አጠገብ፣ እስክሪብቶ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትቆመዋ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ግልጽ አድርጌ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያቀረብኳቸው አራት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ እንደታሸጉ ስለሚገኙ፣ ክቡርነትዎን ከመክፈት ድካም ላድንዎት ብዬ ነው።

ለማመልከትም፣ ለማመስገንም ያህል በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፦ ስለ ልደቴ አመሰግናለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ በሲ ላኽዳር የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የተማሪ የደንብ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ለሴቶቹ ሮዝ፣ ለወንዶቹ ሰማያዊ። ሲ ላኽዳር ደግ ሰው ነው፤ በዓረፋ ሥጋ ይሰጠናል፤ የማይወደው ነገር ቢኖር ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ስሜን በየትኛውም የሠራተኞች መድን መዝገብ ላይ ሳያስጽፍ፣ ርካሽ ልብስ ከባሕር ማዶ በመርከብ መጣና ሱቁን ዘጋ። እኔም ወደ ቢሮዎ መጥቼ የሥራ ፈት አበል መጠየቂያ ቅጹን ስሞላ፣ «ከመቼ ጀምሮ ሥራ የለዎትም?» ከሚለው ጥያቄ ትይዩ ሱቁ የተዘጋበትን ቀን ጻፍኩ።

በሦስተኛው መስኮት ያለችው ፋውዚያ ቅጹን መለሰችልኝ። ይህ አበል ሥራ ኖሯቸው ለማያውቁ ሰዎች የተደነገገ መሆኑን፣ ሥራ ያቆምኩበት ቀን ካለ የጀመርኩበት ቀን መኖር እንዳለበት፣ የጀመርኩበት ካለ የመድን ወረቀት መኖር እንዳለበት፣ የመድን ወረቀት ከሌለ ግን እኔ በመንግሥት ዓይን መርፌ ይዤ እንደማላውቅ በትዕግሥት አስረዳችኝ።

«ታዲያ ምን ልጻፍ፣ እህቴ?» አልኳት።

«የተወለድሽበትን ቀን ጻፊ» አለችኝ።

ጻፍኩ። በመሆኑም በመዝገብዎ ላይ ከተወለድኩ ጀምሮ ሥራ ፈት ነኝ። እናቴ ወናሳ ነገሩን ስነግራት ጥቂት አሰበችና፣ «እውነታቸውን ነው፤ ያን ቀን ምንም አልሠራሽም፤ ሥራው ሁሉ የእኔ ነበር» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሰፋሁት ልብስ ግን አሁንም በየትምህርት ቤቱ ይሮጣል፤ ማን እንደሰፋው ቢሮዎ ቢያጣራ መልካም ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥርሴ አመሰግናለሁ።

ማመልከቻዬ እስኪጸድቅ አምስት ወር ፈጀ። በአራተኛው ወር ላይ የወይራ ፍሬ ስበላ የውስጡን ጠንካራ ዘር ነክሼ የፊት ጥርሴ ተሰበረ። አበሉ ሲፈቀድ የሕክምና መድን ካርድ አብሮት ስለሚመጣ፣ አፌን ዘግቼ አንድ ወር ጠበቅኩ። ካርዱ እጄ እንደገባ ወደ ጥርስ ሐኪሟ ወደ ዶክተር ኢብቲሳም በረርኩ። እሷም ግራና ቀኙን ሞርዳ በመሐሉ ጊዜያዊ ጥርስ አስቀመጠችልኝና፣ ዋናው በሁለት ወር ውስጥ ተሠርቶ እንደሚደርስ፣ እስከዚያው ጠጣር ነገር እንዳልነክስ ነገረችኝ። ሁለት ወር ለእኔ ልክ ነበር፤ የታናሽ እህቴ የነሲራ ሠርግ በሦስተኛው ወር ላይ ነውና። ለዚህ ጊዜያዊ ደስታ ቢሮዎ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ይቀበል።

ሦስተኛ፦ ስለ ሲስተሙ።

ደንቡ እንደሚለው አበል ተቀባይ በየወሩ በተቀጠረበት ቀን በአካል ቀርቦ አሁንም ሥራ እንደሌለው ያረጋግጣል፤ ያልቀረበ ይታገዳል። ደንቡን አልቃወምም፤ የሰውን ናፍቆት የሚወጣ ደንብ ነው። ችግሩ የእኔ ቀን በደረሰ ቁጥር ሲስተም አለመኖሩ ነው። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ» እባላለሁ፤ ነገ ስመለስ ሲስተሙ መጥቶ ወረቀት ያልቃል፤ ከነገ ወዲያ ወረቀቱ መጥቶ ፋውዚያ ለቅሶ ትሄዳለች። እንዲህ እያለ አንዱ ቀን ስድስት ቀን ይሆናል። ብቀር እታገዳለሁ ብዬ ስለምፈራ አንድም ቀን አልቀረሁም፤ የእኔ ቀን ባልሆነ ጊዜም፣ ሲስተሙ ድንገት ትዝ ብሎት ቢመጣ ብዬ ብቅ እላለሁ።

ሥራ የሌለው ሰው በሰው መካከል ሲቆም ዓይኑ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛው ሙነወር ከመስኮቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ አጠገቤ ቆመ። ቅጹን ባየው «የጋብቻ ሁኔታ» ከሚለው ትይዩ «ብዙም አይደል» ብሎ ጽፏል። አስተካከልኩለትና በዚያው ሰዓት አለፈ። ከእሱ በኋላ አንዲት ሴት መጣች፤ ከእሷ በኋላ ሁለት ወንድማማቾች መጡ፤ ከዚያም ተራውን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ፤ ያለ ደብተር በየጧቱ ጠብ ነበረና። እስክሪብቶውን በክር አንገቴ ላይ ማንጠልጠሌ የልብስ ሰፊ ልማድ ነው፤ መቀሳችንን እንደዚያ ነው የምንይዘው። ፋውዚያም በበኩሏ ጥያቄ ሲበዛባት «ዙሊኻን ጠይቁ» ማለት ጀመረች።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልለይ ስላለኝ፣ ክቡርነትዎ ይቅርታ አድርገውልኝ ዝም ብዬ እተርከዋለሁ።

አንድ እሑድ ጧት፣ የሥራ ሳምንቱ በሚጀምርበት ዕለት፣ የቤታችን የጋዝ ሲሊንደር እስኪመጣ ጠብቄ ዘግይቼ ደረስኩ። የበር ጠባቂው፣ ሁላችንም በአክብሮት አጎቴ የምንለው ረዝቂ፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ።

«ልጄ፣ ዛሬ አረፈድሽ እኮ፤ ሰው እየጠበቀሽ ነው» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ለእርስዎ ለምን እንደምጽፍልዎት እኔም አላውቅም። ሲ ላኽዳር ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ሰው እየጠበቀሽ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ የመንገዱን ድምፅ ስሰማ፣ ከተማው ያለ እኔ በደንብ እየሄደ ነው እያልኩ ነበር የምውለው። ስለዚህ ያን ጧት ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ይቅርታ እየጠየቅኩም ወደ ምሰሶዬ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን ያላወለቀ ሰውዬ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ከዋናው ከተማ የተላከ፣ አበል እየተቀበሉ በስውር የሚሠሩ ሰዎችን የሚያሳድድ መርማሪ ነው። እኔ ይህን በምን አውቃለሁ? ሰዎቹን ገፋ አድርጎ ወደ መስኮቱ ሊጠጋ ሲል፣ «ወንድሜ፣ ተራ አለ፤ ስድሳ አንደኛ ነህ» አልኩት። የመታወቂያውን ቅጂ አለመያዙን አይቼም ወደ ፎቶ ኮፒው ቤት ሰደድኩት። አንድ ቅጂ ይዞ ሲመለስ ሁለት እንደሚያስፈልግ ነግሬ እንደገና ሰደድኩት። እንደ በግ ታዘዘ። ሊሄድ ሲልም ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ። ለኃላፊዎቹ አመስግኖ ሊናገርልኝ መስሎኝ ፊደል በፊደል አስጻፍኩት፤ የአያቴን ስም እንኳ ሲሳሳት አርሜዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በክቡርነትዎ ፊርማ የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ ግለሰቧ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ በመደበኛነት ስትሠራ ስለተገኘች፣ ባረፈደችም ጊዜ በጥበቃ ሠራተኛው ስትወቀስ ስለተሰማች፣ አበሏና የሕክምና ካርዷ ከዛሬ ጀምሮ ታግደዋል። የአሠሪው መሥሪያ ቤት ስም በሚለው ቦታ ላይ የእርስዎ ቢሮ ተጽፏል።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ተቆጣሁ። በሁለተኛው ግን፣ አልዋሽዎትም፣ «በመደበኛነት» የምትለዋን ቃል በጣቴ ዳሰስኳት። በሕይወቴ ሠራተኛ መሆኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዶክተር ኢብቲሳም ጥርሱ መጥቶ በመሳቢያዋ ውስጥ መሆኑን፣ ካርዱ ሳይከፈት ግን ልትገጥመው እንደማትችል እያዘነች ነገረችኝ። ጊዜያዊው ደግሞ በነሲራ የሒና ዕለት፣ በሠርጉ ዋዜማ፣ ከኩስኩስ ጋር አብሮ ወረደ። በሠርጉ ቀን እንግዳ በሳቀ ቁጥር አፌን በእጄ ስይዝ የሙሽራው አክስቶች አዩኝና፣ እህቷ ጋብቻውን አልወደደችውም ብለው ተንሾካሾኩ። ይህን ወሬ ለማጥፋት ብዬ፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ከሁሉ ቀድሜ እልልታዬን ለቀቅኩት። ክቡር ሆይ፣ እልልታ ያለ ፊት ጥርስ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? ፉጨት ይሆናል። ያውም የትራፊክ ፖሊስ ፉጨት። የሠርጉ አጀብ የፊተኛ መኪና ሹፌር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሁለተኛው ከኋላው ገባ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። ሰው አልተጎዳም፤ ኬኩ ብቻ ነው። አክስቶቹም እህቷ ጋብቻውን አለመውደድ ብቻ ሳይሆን በመኪና ልታስቆመው ሞከረች ብለው እስከ ዛሬ ያወራሉ።

በሠርጉ ማግሥት እርስዎን ፍለጋ ጀመርኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን አገኘሁዎት፤ እንግዳ ተቀባይነትዎንም አልረሳውም፤ ተቀመጪ ብለውኛል። ሠራተኛዎ ከሆንኩ ደመወዜ የት እንዳለ፣ ካልሆንኩ ደግሞ አበሌ የት እንደሄደ በትሕትና ጠየቅኩዎት።

«የእኛ ሠራተኛ አይደለሽም» አሉኝ።

«ይህንኑ በወረቀት ይጻፉልኝ» አልኩዎት።

«የሥራ ምስክር ወረቀት የምንጽፈው ለሠራተኞቻችን ብቻ ነው። ሠራተኛችን ላልሆነ ሰው ምንም መጻፍ አንችልም» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ፊትዎ ላይ የነበረውን እርጋታ ሳስታውስ እስከ አሁን እቀናለሁ። ከዚያ በኋላ አመስግኜ ወጣሁ። አቤቱታዬን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አስገባሁ። አቤቱታ የሚገባው በሦስተኛው መስኮት ስለሆነ ተሰልፌ ነው ያስገባሁት፤ ደብተሩ በእጄ ቢሆንም ስሜን ከማንም አላስቀደምኩም።

የኮሚቴው ስብሰባ በላይኛው ፎቅ ተደረገ። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ እርስዎም በጽሑፍ ሰላምታ ልከዋል። መርማሪው ኮቱን እንደለበሰ ቆሞ ቃሉን ሰጠ። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ ብዙ ቢሮ እንደዞረ፣ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ምን እንደጎደለው የሚነገርበት ቢሮ ግን አይቶ እንደማያውቅ፣ ይህን ያህል ሥራውን የምታውቅ ሴት ከውጭ ልትሆን እንደማትችል ተናገረ። የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ፤ ንግግሩ አሳማኝ ነበር። አለቀልኝ ብዬ ቦርሳዬን መዝጋት ጀመርኩ።

ከዚያ ፋውዚያ ተጠራች። ፋውዚያ እንደሚያውቋት ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሰብሳቢው ይህች ሴት የእናንተ ሠራተኛ ናት ወይስ አይደለችም ብሎ ጠየቃት።

«ጌታዬ፣ የኛ ሠራተኛ ብትሆን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣ ነበር?» አለች።

አምስቱ አባላት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰብሳቢው እየደጋገመ ጠየቃት፤ እሷም መለሰች፦ በሰዓቱ ትገባ ነበር፤ ከመግቢያ እስከ መውጫ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም ነበር፤ ሲጠይቋት ትመልስ ነበር፤ ሰው ላይ ስትቆጣም ሰምታ አታውቅም። ኮሚቴው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው በአንድ ድምፅ ወሰነ። ቃለ ጉባኤው በእጄ ስላለ እንዳለ እጠቅሰዋለሁ፦ «ከቀረበው ማስረጃ አንጻር ግለሰቧ የቢሮው ሠራተኛ ልትሆን የማትችል መሆኑ ከጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል።»

አበሌ ተመለሰ፤ ካርዴ ተከፈተ፤ ጥርሴ ተገጠመ። ለዚህ ሁሉ፣ በተለይም እንደ ሠራተኛዎ ባለመምሰሌ፣ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ውሳኔው ግን አንድ ትእዛዝ ነበረበት። በተቀጠርኩበት ቀን ካልሆነ በቀር እንዳልመጣ፣ ስመጣም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለማንም አንድ ቃል እንዳልተነፍስ ይላል። አከበርኩት። እስክሪብቶዬን ቤት ትቼ፣ እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሲስተም አልነበረም፤ ተመለሺ ተባልኩ፤ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን ደሊላ የምትባል እርጉዝ ሴት ገባችና ዙሪያዋን አይታ፣ በሦስተኛው መሰለፍ ሲገባት አንደኛው መስኮት ላይ ተሰለፈች። ጣሪያውን አየሁ። ወለሉን አየሁ። አንድ ሰዓት ቆመች፤ እግሯን እየቀያየረች ወገቧን ያዘች። እንደገና ከተናገርኩ አበሌ እንደሚሄድ፣ ከአበሌም ጋር የእናቴና የእኔ የወር ቀለብ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሁለተኛው ሰዓት ሲጀምር ግን፣ እህቴ ተሳስተሻል ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ወዲያው ትእዛዙ ትዝ ሲለኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተቀይሮ ሳል ሆኖ ወጣ። ዞራ አየችኝ። ሦስት ጊዜ ሳልኩና ሦስተኛውን መስኮት በዓይኔ አሳየኋት። ገባት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ጉዳይዋን ጨርሳ፣ ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች።

ሳል ደግሞ ቃል አይደለም፤ ውሳኔውን በደንብ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ አንድ ሳል አንደኛ መስኮት፣ ሁለት ሳል ሁለተኛ፣ ሦስት ሳል ሦስተኛ ሆነ። ረጅም ሳል ፎቶ ኮፒ ጎድሏል ማለት ነው። ማስነጠስ ዛሬ አይሆንም፣ ወደ ቤት ሂዱ ማለት ነው። በሁለተኛው ወር አዳራሹ በሙሉ ተማረው። አጎቴ ረዝቂም አዲስ የሚመጡትን በር ላይ እየተቀበለ፣ ዝም ብላችሁ ሳሉን አዳምጡ እያለ ይመክራቸው ነበር። ሙነወር አንድ ቀን እውነተኛ ጉንፋን ይዞት መጥቶ ሲያስነጥስ፣ አሥራ ሦስት ሰዎች ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባለፈው ወር ከቢሮዎ የደረሰኝ ደብዳቤ እንግዲህ ይህንን ይመለከታል። አበል ተቀባይ ለሥራ ብቁ የሆነ ጤና ሊኖረው እንደሚገባ ደንቡ ስለሚያዝ፣ በእኔ ላይ ግን ሥር የሰደደ ሳል በመታየቱ፣ የሳንባ ምርመራ ውጤት እስካቀርብ አበሌ እንደሚጤን ይገልጻል። ተመረመርኩ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ሳንባዬ እንደ አዲስ መስታወት ንጹሕ መሆኑን ነገረኝ። ሳሉ የሚነሣብኝ መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰው መስኮት ሲሳሳት ነው አልኩት። ብዙ አየኝና፣ በወረቀቱ ላይ «ጤነኛ ናት» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ አንድ ነገር ሊጨምር እስክሪብቶውን አንሥቶ ተወው።

ከሐኪሙ ስወጣ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ስሄድም አሰብኩ። ሠርቼ በወረቀት አልሠራሽም ተባልኩ፤ ሳልሠራ ሠራሽ ተባልኩ፤ በጥሩ ሁኔታ በመሥራቴ ሠራተኛ አለመሆኔ ተረጋገጠ፤ አሁን ደግሞ በመሳሌ መሥራት አትችዪም ልባል ነው። አበሉን ላለማጣት ስል ሰው ሲሳሳት ዝም ብዬ ማየት ግን አልቻልኩም፤ ሞክሬው ነበር፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላሁም። ስለዚህ እግሬ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወሰደኝ።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ ፈቃድ ያለኝ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ሙነወር ከውኃ ቧንቧ በያይዶ ጠረጴዛ ሠርቶልኛል፤ ትንሽ ቢወዛወዝም አይወድቅም። እናቴ ወንበሯን ሰጥታኛለች፤ ግብሩን ከፍዬ ደረሰኙን አስቀምጫለሁ። የምቀመጠው ከበርዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከድሮው የበቅሎ ጋጣ ግድግዳ ሥር ነው።

ከአበል መዝገቡ እንድሰረዝ ለማመልከት ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛው መስኮት ጋ ቀርቤ፣ ሥራ ስላገኘሁ መውጫ ቅጹን ስጪኝ አልኳት። ፋውዚያ መሳቢያዎቿን ሁሉ ፈተሸች፤ መደርደሪያውን ፈተሸች፤ ሁለተኛውን መስኮት ጠየቀች።

«ሥራ አገኘሁ ብሎ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ ስላልነበረ፣ ቅጹ አልታተመም» አለችኝ።

ከመስኮቷ ወጥታ አቀፈችኝ። ከመስኮቷ ስትወጣ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በመሆኑም ይህ ግልጽ ደብዳቤ በዚያ ባልታተመ ቅጽ ምትክ እንዲያዝልኝ፣ ከመጪው እሑድ ጀምሮም ስሜ ከሥራ ፈቶች መዝገብ እንዲሰረዝልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። የታገደብኝ የአራት ወር አበል «በጊዜው ይታያል» ተብሎ ስለነበር፣ ጊዜው ሲደርስ ብቅ ብዬ እንድጠይቅ የሚመች አድራሻዬን ከላይ ገልጬልዎታለሁ፤ በመስኮትዎ ቢያዩ ይታያል።

ስለ ሰጡኝ ሁለት ዓመት፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምሰሶው፣ ከነጻ ትምህርት ሁሉ ስለሚበልጠው ትምህርት እያመሰገንኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽኑ እግር፣ ለሲስተምዎ ቶሎ መመለስን የምመኝ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የቀድሞ ልብስ ሰፊ፣ የቀድሞ ሥራ ፈት፣ ለአራት ወር የቢሮዎ ሠራተኛ የነበረች፣

ዙሊኻ ቤንሸይባ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ዋዲ ዛዕሩር

ዳግም ቃል፦ በሚመጣው ወር መጨረሻ ጡረታ እንደሚወጡ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የጡረታ ፋይልዎ ከዋናው ከተማ መመለሱንም ሰምቻለሁ፤ የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ በዚህ ቢሮ ማገልገልዎን የሚያረጋግጥ፣ በቢሮው ኃላፊ የተፈረመ የምስክር ወረቀት። ኃላፊውን ለሁለት ዓመት ስለማውቃቸው አንድ ምክር በነጻ ልስጥዎት፤ በቢሮአቸው ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ይሞክሩ፤ ሁለት ቅጂ ይያዙ።